ሞተሩ አልፎ ሳጥኑ ሲቀር

ሞተሬ ላይ ሦስት ሳጥን ነበረ። አንዱ ከመቀመጫው ኋላ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላወለቅኳቸውም። ከተገጠሙበት ቀን ጀምሮ እንደ ፍሬኑና እንደ መብራቱ የሞተሩ አካል አድርጌ ነበር የማያቸው። ዛሬ የጎኖቹ የሉም። የኋላው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በትንሽ ተቀይሯል።

ለምን እንደሆነ ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ከፒያሳ ለገሐር፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ስመላለስ ግራና ቀኝ ሳጥን አንጠልጥለው በታክሲ መሃል የሚሽሎከለኩ ሞተረኞችን አያለሁ። ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ከዓመት በፊት እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ሥራዬ የፕሪንተርና የፎቶኮፒ ማሽን ጥገና ነው። ማሽኑ ወደኔ አይመጣም፤ እኔ ነኝ የምሄደው። ጠዋት አራት ኪሎ፣ ረፋዱ ላይ ካዛንቺስ፣ ከምሳ በኋላ ሜክሲኮ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መልቲሜትር፣ ብሩሽ፣ አንድ ሁለት ቶነር፣ አንዳንዴም ሮለር እይዛለሁ። ይህን ሁሉ በእጅ ተሸክሞ ታክሲ መጋፋት አይሞከርም። ስለዚህ ሞተር ላይ ዕቃ አይጫን የሚል ሐሳብ የለኝም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከተማው በሞተር በሚፈጸም ዝርፊያ ምክንያት እንቅስቃሴውን ሲገድብ፣ በፈቃድ መንዳት የቀጠልነው በአብዛኛው የሥራ ሰዎች ነን። ዕቃ አድራሽ፣ ጥገና ሠራተኛ፣ ደብዳቤ አመላላሽ። የሥራ ሰው ደግሞ ዕቃ አለው። የእኔ ጥያቄ ዕቃ በሌለበት ቀን ስለሚጫነው ሳጥን ነው።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው። ከፒያሳ ወደ ለገሐር የቸርችልን ቁልቁለት እየወረድኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ መንገዱ ጢም ብሏል። ፊቴ ያለው ሚኒባስ ጥቁር አንበሳ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳር አልያዘም፤ ከእግረኛው መንገድ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቋል። በግራው በኩል አውቶቡስ ነበር። እኔ በቀኝ ገባሁ። በቀኝ መግባት አልነበረብኝም፤ ይሄን ቀድሜ ልናገር። የታክሲ በር የሚከፈተው በቀኝ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሞተረኛ አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

በሩ ተከፈተ። ጋቢ የለበሱ አባት አንድ እግራቸውን አወረዱ። አየኋቸው። ፍሬን ያዝኩ፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሳብ አደረግኩ። ስፖኪዮው አለፈ። መሪው አለፈ። ጉልበቴም አለፈ። «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ከኋላዬ ድም የሚል ነገር ተሰማኝ።

የግራው ሳጥን ጥግ ጭናቸውን መትቷቸው ነበር። የታክሲው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለዋል። በእጃቸው ይዘውት የነበረው ቡናማ የራጅ ፖስታ አስፋልቱ ላይ ወድቋል። ሞተሩን እንዴት እንዳቆምኩት አላስታውስም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የት ላይ ነው የመታዎት?»

«ቆይ ልጄ። ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።»

ረዳቱ ይጮኻል። ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ሴትዮ ፖስታውን አንስታ በነጠላዋ አቧራውን ታራግፋለች። እሳቸው ብቻ ናቸው ያልጮኹት። ጭናቸውን እያሹ ሳጥኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደኔ ቀና አሉና «አንተ እኮ አልፈህ ነበር፤ ሳጥንህ ነው ያላለፈው» አሉኝ።

ደግፌ ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ ወሰድኳቸው። ሲሄዱ የነበረውም ወደዚያው፣ ለቀጠሮ ነበር። ሐኪም አያቸው። አጥንት አልተነካም፤ ጭናቸው ግን ጠቁሯል። ልጃቸው እስክትመጣ አብሬያቸው ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል እየደወልኩ ጠየቅኳቸው። በመጨረሻው ቀን «በቃ ድኛለሁ፣ ሥራህን ሥራ» ብለው መረቁኝ። የተናገሩት ነገር ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ሜትር አወጣሁ። አራት ዓመት በነዳሁት ሞተር ላይ አንድም ቀን ያላደረግኩት ነገር ነው። ከስፖኪዮ እስከ ስፖኪዮ 80 ሴንቲ ሜትር። ከግራ ሳጥን እስከ ቀኝ ሳጥን 97። በእያንዳንዱ ጎን 8 ሴንቲ ተኩል ይተርፋል ማለት ነው። ሞተረኛ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲገባ የሚለካው በመሪውና በስፖኪዮው ነው። ዓይኑ ፊት ነው ያለው። እነሱ ካለፉ አለፍኩ ይላል፤ እጅና ዓይን የለመዱት ይህንን ነው። ሰፊው ነገር ከኋላ ሲሆን ግን ያ ልምድ ያታልላል። የሚተርፈውን 8 ሴንቲ ተኩል ነጂው አያየውም። የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው። ከታክሲ የሚወርድ፣ መንገድ ዳር ሊስትሮ ላይ ጫማውን የሚያስጠርግ፣ ልጅ አዝላ የምታቋርጥ። ያ ቦታ የእነሱ ነበር፤ እኔ ሳልጠይቅ ወስጄባቸዋለሁ።

ከዚያ ሳጥኖቹን ከፈትኳቸው። ባዶ የቶነር ካርትሪጅ ሦስት። ያረጀ ሮለር። ሁለት አንድ ዓይነት ፒንሳ። የደረቀ ማርከር፣ የተቀደደ የዝናብ ልብስ፣ ደህናው የዝናብ ልብስ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ወር ሙሉ ቤቱን ገልብጠን የፈለግነው የልጄ ሹራብ። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በማዳበሪያ ከትቼ የጎረቤታችን ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 11 ኪሎ ከ400 ግራም። በዚያ ቀን ለሥራ ያስፈለገኝን ለይቼ ስመዝነው 2 ኪሎ አልሞላም። ዘጠኝ ኪሎ ተኩል የሚሆነውን በየቀኑ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ባዶዎቹ ሳጥኖችና ብረታቸው ሲጨመሩ ደግሞ አስቡት።

ክብደት ከተማችን ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉ እዚህ ይጎድላል። ትንሽ ሲሲ ያላት ሞተር ደግሞ መጀመሪያውኑ የምትቆጥበው ጉልበት የላትም። ከለገሐር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ሳጥንና አንድ ሰው ጭኜ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። እኔ ሞተሯ ያረጀች መስሎኝ ሁለት ጊዜ ለመካኒክ አሳየኋት። ሳጥኖቹ ከወረዱ በኋላ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ወጣችው።

ክብደቱ የሚቀመጥበት ቦታም ከልኩ እኩል ያሳስባል። የኋላ ሳጥን ብዙ ጊዜ ከኋላው ጎማ መሃል ወደ ኋላ አልፎ ነው የሚቀመጠው። እዚያ የተጫነ አምስት ኪሎ መቀመጫው ላይ እንዳለ አምስት ኪሎ አይደለም። የኋላውን ጎማ ተደግፎ የፊቱን ያነሳል፤ ረጅም እንጨት ጫፉን ይዞ እንደ ማንሳት ያለ ነገር ነው። የፊቱ ጎማ ሲቀል መሪው ይላወሳል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ አፍንጫው መሬት የለቀቀ ይመስላል። የኋላው ሲጫን ደግሞ የፊት መብራቱ ሽቅብ ያያል፤ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ስንት ጊዜ መብራት እያጠፉ እያበሩ ሲያስጠነቅቁኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጎሚስታ ቤት ሄዶ የኋላውን ጎማ ለጭነት የሚሆን አየር ማስሞላት ይረዳል፤ የመብራቱን አቅጣጫና የኋላውን ሞላ ማስተካከልም እንዲሁ። ግን በየቀኑ ጭነቱ ሲለያይ በየቀኑ ማን ያስተካክላል?

ሳጥኑ ወይም ሳጥኑ የሚታሰርበት ብረት፣ ማለትም ፖርቶ መጋላው ላይ ጽሑፍ ካለ አንብቡት። ትንንሾቹ ላይ ሦስት ኪሎ ወይም አምስት ኪሎ የሚል ገደብ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እኔ አላነበብኩትም። ዘጠኝ ኪሎ ጭኜ ኮብልስቶን ላይ ስመላለስ የፖርቶ መጋላው ብየዳ ተሰነጠቀ። በያጁ ደርቦ በየደልኝ። ሲበየድ ብረቱ ተሻለ፣ ጭነቱ ግን አልቀነሰም፤ ስንጥቁ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ቦታ ወጣ።

ስለ ፖርቶ መጋላ ካነሳሁ አይቀር፣ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ዕቃ ተሸካሚ ማለት ነው። እኛ ሳጥን በቡሎን አጥብቀን ወይም በየደን እንረሳዋለን። ጣሊያኖቹ ግን ሌላም መንገድ አላቸው። የሞተር ሳጥን በመሥራት ከሚታወቁት አንዱ ጂቪ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ጁሴፔ ቪሴንዚ ቀድሞ የሞተር እሽቅድድም ተወዳዳሪ ነበር። የእነሱ ሳጥን በአንድ ቁልፍ ከተገጠመበት ብረት ይላቀቃል፤ እንደ ሻንጣ እጀታ አለው። ይዘህው ትገባለህ፤ ሞተሩ ቀጭን ሆኖ ውጭ ይቀራል። ሠሪው ራሱ እንዲወልቅ አስቦ ነው የሠራው። ይህን ያወቅኩት ሳጥኖቼን በባለ 13 ቁልፍ አንድ በአንድ፣ ዝገት እየታገልኩ፣ ስምንት ቡሎን ፈትቼ ካወለቅኩ በኋላ ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ። ዕቃ አድራሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ ይመላለሳል። ይህን ሁሉ ስነግረው አልተስማማም። የእሱ ሳጥን እንጀራው ስለሆነ አልፈርድበትም። ትልቅ ነው፤ ንፋስ ሲነሳ ይገፋዋል፤ ግን ምግቡ መድረስ አለበት። እሱ ያለኝ ግን ስለ ራሱ ሳጥን አልነበረም።

«አንድ ቀን ገጥመህ አንድ ቀን የምታወልቅ ከሆነ ስፋትህን መቼ ትለምደዋለህ? ሁልጊዜ ሰፊ የሆነ ሰው ሰፊ መሆኑን ያውቃል። አንተ ግን ትረሳዋለህ» አለኝ።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። እውነት አለው። እጅ የሚለምደው የተደጋገመን ነገር ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ ሰፊ ነበርኩ፤ አልለመድኩትም። ሰውየውን የመታሁት በመጀመሪያው ወር ላይ አልነበረም፤ በአራተኛው ዓመት ነው። ሁልጊዜ አብሮህ ያለ ነገር ይረሳል። አሁን የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው፦ በየቀኑ የምነዳው ጠባቡ ሞተር ይሁን። ሰፊው ለልዩ ቀን ይሁን። ልዩ ቀን ሲሆን ሰው ይጠነቀቃል። ሳጥኖቹን ስገጥም መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብዬ አሥር ደቂቃ እዞራለሁ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል አልፋለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ዋናው መንገድ የምወጣው። ጓደኛዬ አሁንም ትክክል ነህ አላለኝም። እኔም እሱ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም፤ በቀን ስንት ሰዓት ኮርቻ ላይ እንደሚውል አውቃለሁ።

ሌላው ባለቤቴ ናት። የኋላ ሳጥን ስላለ ትደገፍበታለች፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የምትንሸራተት አይመስላትም። ለዚህ ብዬ ነው አንዱን ያስቀረሁት። የጎኖቹ በነበሩ ጊዜ ግን እግሯን አንስታ ለመሻገር ትቸገር ነበር፤ በቀሚስ ከሆነች ደግሞ የሰው ዓይን ይጨመርበታል። አንድ እሑድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስንመለስ የነጠላዋ ጥለት በሳጥኑ ማጠፊያና በጎማው መሃል ገብቶ ነበር። ገና አልተነሳንም፤ አንድ ልጅ አይቶ ጮኸልን። ጨርቅም ሆነ የላላ ገመድ የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ላስቲክ በፖርቶ መጋላ ላይ አስረው ጫፉን አንጠልጥለው የሚሄዱ ሰዎች እባካችሁ ጫፉን እሰሩት።

«ታዲያ ቦርሳ በጀርባ ይያዝ» የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። ለላፕቶፕና ለወረቀት ምንም አይልም። ለመሣሪያ ግን አይሆንም። ስድስት ኪሎ ብረት ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ ይዞ መንዳት አንገት ያደርቃል። ከዚያ የከፋው ሲወደቅ ነው። በጀርባ የወደቀ ሰው በአከርካሪውና በአስፋልቱ መሃል መፍቻ እንዲኖር አይፈልግም። ጠንካራ ነገር ሳጥን ውስጥ፣ ለስላሳ ነገር ጀርባ ላይ።

ክረምትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዝናብ የሚያስጥል ነገር ያስፈልጋል፤ እርጥብ ቶነር ይዞ ደንበኛ ቤት መግባት አያስከብርም። ሄልሜትም ስፖኪዮ ላይ አንጠልጥለው ፎቅ ወጥተው ሲመለሱ አይገኝም። በየሕንፃው በርና በየፍተሻው ደግሞ ጥበቃዎቹ «ክፈተው» ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ የተዘጋ ሳጥን ነው። ሦስቱን ስከፍት ሦስት ጊዜ እፈተሽ ነበር። ከኋላዬ መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል፤ እኔ ቁልፍ እፈልጋለሁ። አሁን አንድ ክዳን አነሳለሁ፤ ውስጡ ሄልሜት፣ የዝናብ ልብስና ትንሽ የመሣሪያ ቦርሳ ነው። አይተው «ሂድ» ይላሉ።

ትንሽ ሳጥን ሌላም ነገር አስለመደኝ። ማታ ማታ ባዶ አደርገዋለሁ። ጠዋት የዕለቱን ጥሪ አይቼ የሚያስፈልገውን ብቻ እከታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን ካዛንቺስ ደርሼ የሚያስፈልገኝ ሮለር ቤት ቀርቶ ነበር። ተመልሼ አመጣሁት፤ ዳቦና ሻይ የሚበላበት ሰዓት ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ስደውል ማሽኑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ወረቀቱ የት ላይ እንደሚጣበቅ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ድሮ አልጠይቅም ነበር፤ ሁሉንም ጭኜ ስለምዞር።

የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ለብስክሌትም ለብቻው መስመር ተሠርቷል። ደስ ይላል። ሞተር ግን እዚያ አይገባም፤ የእኛ ቦታ ከመኪናው ጋር ነው። ታክሲውም አሁንም መንገድ መሃል ያወርዳል። ሰው በሚወርድበትና እኛ በምናልፍበት መሃል ያለው ክፍተት በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ስገባ ዛሬ የማምነው መሪዬን ነው፤ መሪው ካለፈ ከኋላዬ የሚቀር ነገር የለም። በቀኝ ግን አልገባም፤ ታክሲ ሲቆም እኔም እቆማለሁ።

ከወለቁት ሳጥኖች አንዱን እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች፤ አይጥ አይገባበትም አለች። ሌላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ሁለቱንም እገጥማቸዋለሁ፤ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ የሦስት ሰው ልብስና የምንወስደው ዕቃ አለ። ቡሎኖቹን ዘይት ቀብቼ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከባለ 13 ቁልፉ ጋር መስኮቱ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ስምንቱም አሉ።